ብርሃንን በክንድ የሚለካው ጋሽ እንድሪስ

የጋሽ እንድሪስን ሞት የሰማሁት ደብረ ሲና ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቆሎ ሻጮቹ ጋ ቆሞ፣ እኔም እንደ ሰው ሁሉ በመስኮት ቆሎ እየገዛሁ ነበር። ስልኬ ጠራ። ከድር ነው፤ ሸዋ ሮቢት ከፎቶ ቤታችን ጎን ጁስ ቤት ያለው። «ታዬ፣ የት ደረስክ? ጋሽ እንድሪስ አርፏል። ቀብሩ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው፤ ድረስ» አለኝና ስልኩ ተቋረጠ። ሻንጣዬ ውስጥ መርካቶን ስዞር ውዬ ያገኘሁለት የካሜራ ፊልም ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የሮቢት ሰው ኖሯል። ጆሮውን ጥሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ማነው የሞተው?» አለኝ። ነገርኩት። «ውይ! ያ በርሜል ውስጥ ጭንቅላቱን የሚነክረው እብድ?» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጥ አደረገና «ነፍስ ይማር» አለ። ቆሎውን ፊቱ ላይ ልበትንበት ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጀምሮ እስከ ሮቢት ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ወረድኩ።

ጋሽ እንድሪስ እብድ አልነበረም። እብድ ቢሆንማ አብሮት መስራት በቀለለኝ። ቁጡ ነበር፤ ጉረኛ ነበር፤ ምስጋና የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ከሥራ አባሮኛል። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ፊልሙን ማን ያጥበዋል?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ይቅርታ ማለቱ ነው እንግዲህ። ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ ትቶ እብድነቱን መረጠለት፤ ለምን እንደመረጠለትም አውቃለሁ። እብድ ያሉትን ሰው ማዳመጥ ግዴታ አይደለም።

የተወለደው እዚሁ ይፋት ነው፣ ከጀውሃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። በጉብዝናው ምጽዋ ሄዶ የመርከብ ጠላቂ ሆነ። ሥራው ከውሃ በታች የመርከቡን ሆድ ፎቶ ማንሳት ነበር፤ ዝገት የት እንደበላው፣ ብየዳው የት እንደለቀቀ ከላይ ያሉት አለቆች እንዲያዩት። በኋላ ነገር ሁሉ ሲበተን አንድ ውሃ የማያስገባ ካሜራ፣ አንድ ፍላሽና አንድ የማይሰማ የግራ ጆሮ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያ ጆሮው ምክንያት ሲያወራ ይጮሃል። በሮቢት ሙቀት፣ ሰው ቆዳውን አውልቆ መስቀል በሚያምረው ቀን፣ እሱ ጆሮውን የሚሸፍን የሱፍ ኮፍያ አድርጎ ይውላል። «ነፋስ ይገባብኛል» ይላል።

አንድ ነገር ሊያነሳ ሲል መጀመሪያ ክንዱን ይዘረጋል። ከሰውየው እስከ እሱ ስንት ክንድ እንደሆነ ይለካል፤ የፍላሹን የብርሃን ኃይል ቁጥር ለርቀቱ ያካፍላል፤ የሌንሱን ቀዳዳ በዚያው ልክ ይከፍታል ወይም ያጠባል። ከኛ ከፎቶ አንሺዎቹ መካከል በእጁ ካልለካ የማያምን እሱ ብቻ ነው። ማጀቴ ከተማ አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ፊት ቆሞ ክንዱን ዘረጋ። የሙሽራዋ አጎት ስጦታ የሚጠይቅ መስሏቸው «ቆይ እንጂ ሰውዬ፣ ገና መች ተበላ!» ብለው ተቆጡ። በዚያው ሰርግ የሙሽራዋ እናት ልጃቸውን ቀላ አድርጎ እንዲያነሳላቸው ለመኑት። «ሙሽራዋ እንዲህ ናት። ቀይ ከፈለጋችሁ ሌላ ሙሽራ ፈልጉ» አላቸው። ምሳ ሳንበላ ተመለስን። መንገዱን ሁሉ ስነጫነጭበት እሱ እቴ፣ በመስኮት ማሽላ ያያል።

ደስ ሲለው ስለ ምጽዋ ያወራኛል። «ውሃ ውስጥ ሁሉም ነገር የቀረበ ይመስላል። አይደለም። ዓይንህም ይሞኛል፤ ሌንሱም እንደ ዓይንህ ነው፣ አብሮ ይሞኛል። ስለዚህ ፎከሱን ዓይንህ ባየው ልክ አድርገው። ፍላሹ ግን አይሞኝም፤ መንገዱን በሙሉ ነው የሚሄደው፣ ውሃው ደግሞ እየጠጣው። ብርሃኑን በክንድህ ለካ።» ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት። እኔ የቆላ ሰው ምን ያደርግልኛል እያልኩ በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰው ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ ዋርካ ሜዳ የሚባል መንደር ነበር። ነበር የምለው አሁን ውሃ ስለሆነ ነው። የመስኖ ግድብ ሲሰራ ነዋሪው ወደ ላይ ተነሳ። መቃብሩም ይነሳል፣ አፅሙ በክብር ወጥቶ ኮረብታው ላይ ያርፋል ብለው የፕሮጀክቱ ሰዎች ቃል ገቡ። ሥራው ሲጀመር ግን ማሽን ስላለ አደጋ ነው ተብሎ ማንም ድርሽ እንዳይል ተከለከለ። ሰው እንዲሄድ ሲፈቀድለት ኮረብታው ላይ አፈር በመስመር በመስመር ተከምሮ፣ በየራስጌው ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ቆሞ አገኘ። ያንተ አባት ይኼ ነው፣ ያንቺ ልጅ ያ ነው ተባለ። የአገር ሽማግሌዎቹ ኮሚቴ፣ ከሰብሳቢው ከሀጂ ይመር ጀምሮ፣ ሁሉም መነሳቱን መሰከረ። ውሃው ገባ፤ ዙሪያውም ታጥሮ ዘበኛ ቆመበት። ወዲያው ሽንኩርቱ እንደ ጉድ ሆነ፤ ቲማቲሙም፣ ማንጎውም። ሰው በልቶ ጠገበ። የጠገበ ሰው ደግሞ ጥያቄ አይወድም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ባጃጅ ፎቶ ቤታችን በር ላይ ቆመና እትዬ ዘሃራ ወረዱ። የዋርካ ሜዳ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለዩት። አንድ ልጃቸው ጀማል በጉልምስናው በወባ ሞቶ እዚያው ዋርካ ሜዳ ነው የተቀበረው። ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ፤ ወንበር ሰጠናቸው።

«እንድሪስ፣ አንተ ውሃ ውስጥ ታያለህ ይላሉ። እውነት ነው?»

«ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ጀማልን እይልኝ።» ቀና ብለው ወደ ድምፁ ዞሩ። «በየጁምዓው ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። ያንን ቆርቆሮ ይዤ ፋቲሃ እቀራለሁ፣ ዱዓ አደርግለታለሁ። ልቤ ግን እምቢ አለኝ። ሰው የሌለበት ቤት ደጃፍ ቆሜ አሰላሙ አለይኩም የምል ነው የሚመስለኝ። ያኔ ስንቀብረው ራስጌው ላይ የወፍጮዬን መጅ አቆምኩለት፤ ከሷ ሌላ የቆመ ድንጋይ የለም፣ ጫፏ የተሰበረ ናት። እሷን ሳልዳብስ ቀርቼ አላውቅም። ድንጋይ አላመጣንም፣ አፅሙን ግን አምጥተናል ይሉኛል። ድንጋዩ ይቅርብኝ። ልጄ የት ነው? የት ቆሜ ፋቲሃ እንደምቀራለት ብቻ ልወቅ።»

ጋሽ እንድሪስ የሰው ንግግር ሳያቋርጥ ሲጨርስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደህናውን ጆሮውን ወደሳቸው አዙሮ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ኮፍያውን ደፍቶ በቀጥታ ሀጂ ይመር ቤት ሄደ፤ እኔም ጠብ እንዳይፈጥር ብዬ ተከተልኩት። ሀጂ የሽንኩርት ጆንያ ሲያስጭኑ ነበር።

«ሀጂ፣ የዘሃራ ልጅ አፅም ሲነሳ አይተዋል?»

«ኮሚቴው አረጋግጧል፣ እንድሪስ።»

«ስለ ኮሚቴው አልጠየቅኩም። ዓይንዎ አይቷል ወይ ነው የምለው።»

ሀጂ ጆንያውን እያስተካከሉ «ዘሃራ እንኳን መቃብር ለይታ እጇንም አታይ፤ ምኑን አውቃ ነው?» አሉ። ይህን ሲሉ ጫኞቹ ሳቁ። ጋሽ እንድሪስ ኮፍያውን አስተካክሎ ወጣ። መንገድ ላይ ግን «የምታየዋ እሷ ብቻ ሆነች እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየን።

ፎቶ ሊያነሳ ወሰነ። እኔ በስልክ ይበቃል፣ በላስቲክ ጠቅልለን እናስገባው አልኩት። «አንተ ሰውዬ፣ የስልክ ፎቶ ዛሬ ማን ያምናል? ኮምፒዩተሩ ያልሞተውን ሰው ገንዞ ያሳይሃል። ፊልም ግን እዚያ የነበረው ብርሃን ራሱ የነካው ነው። በእጅህ ትይዘዋለህ።» የተረፈው ጥቁርና ነጭ ፊልም ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ከከድር ፍሪጅ ውስጥ፣ ከማንጎዎቹ ስር አስቀምጦት ነበር። ማጠቢያ ዱቄቱንም ከጨለማ ክፍላችን መደርደሪያ ላይ አወረድን።

በበጋው፣ ውሃው ጠራ በሚልበት ጊዜ፣ በጠዋት፣ የአጥሩ ዘበኛ ሳይመጣ ወረድን። የዋርካው ዛፍ ደርቆ ቅርንጫፉ ከውሃው በላይ ቆሟል። እትዬ ዘሃራ «ከዋርካው ወደ ቂብላ፣ ወደ መስገጃው አቅጣጫ ዞረህ ትንሽ እንደሄድክ» ብለው ነግረውታል። እኔ የመኪና ጎማ ላስቲክ ላይ ተቀምጬ ገመድ ይዣለሁ። እሱ መነጽሩን አጥልቆ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አስሮ፣ ያንን ሁሉ ዕድሜውን ይዞ ጠለቀ። ጥልቀቱ ብዙ አይደለም። እኔ ግን እሱ ብቅ እስኪል አብሬ ትንፋሼን እይዝ ነበር። ብቅ ሲል ሳቀ። «አገኘኋት! መጇ አለች!» አለ። በጉራ ተሞልቶ ተመለሰ፤ ፊልሙ ሳይታጠብ ምጽዋ ላይ ስላነሳው ነገር ሁሉ ሲያወራኝ ዋለ።

ፊልሙ ሲታጠብ የወጣው በረዶ ነው። ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነጠብጣብ፤ ከኋላው አንድ ጥላ የመሰለ ነገር። ጋሽ እንድሪስ የማጠቢያ መድኃኒቱን ሰደበ፤ ፊልሙን ሰደበ፤ እኔን ሰደበ። ሲበርድለት ግን ገባው። ቀይ ባሕርን ነበር የለካው። እዚያ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ እዚህ ደለል ተንሳፎበታል። ፍላሹ ካሜራው ላይ እንዳለ ሲበራ ብርሃኑ መቃብሩ ጋ ሳይደርስ ደለሉን አበራው። መቃብሩን በሙሉ ላሳይ ብሎም ራቅ ብሎ ቆሟል። የቆላ ልጅ ሆኖ የቆላን ውሃ ረሳው። ይህን ስለው ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ።

ከዚያ ነው የበርሜሉ ነገር የመጣው። ብረታ ብረት ቤት ሄዶ ፍላሹን ከካሜራው ራቅ አድርጎ በጎን የሚይዝ ረጅም የብረት ክንድ አስበየደ። በባጃጅ ከግድቡ ውሃ አስመጥቶ፣ ከነደለሉ፣ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ባለው በርሜል ውስጥ ሞላው። ጨለማ እንዲሆን ከላይ ብርድ ልብስ ጣለበት። ግራ እጁን በርሜሉ ውስጥ ሰዶ መዳፉን ዘረጋ፤ ጭንቅላቱንና ካሜራውን ነከረና መዳፉን ማንሳት ጀመረ። የሌንሱን ቀዳዳ አንድ ደረጃ ይከፍትና ያነሳል፤ ሌላ ይከፍትና ያነሳል። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዲለይ በየተራው መዳፉ ላይ የቀዳዳውን ቁጥር በውሃ በማይለቅ ቀለም እጽፍለታለሁ። «እጄ እጄን እስኪመስል ድረስ ነው። እጄን አውቀዋለሁ። ከነጣ ዋሸ፣ ከጠቆረም ዋሸ» ይል ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። ሽማግሌ ሰውዬ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በርሜል ውስጥ ጭንቅላቱን ሲነክር፣ ከስር መብረቅ ሲበርቅ አስቡት። ስልኩን አውጥቶ የማይቀርጽ አልነበረም። እብድ የሚለው ስም የወጣለት ያን ቀን ነው። ከእነዚያ ሁሉ ቆመው ከሳቁት መካከል አንድ እንኳ፣ አንድ፣ «ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ግማሾቹ ዋርካ ሜዳ የተቀበረ አባት ያላቸው ናቸው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ ጉራ የለም። ተጠጋ፤ ፍላሹን በረጅሙ ክንድ ወደ ጎን አራቀ፤ ርቀቱን በእጁ ለካ፤ ካንዱ ቦታ ሦስት ፎቶ፣ አንዱን በሂሳቡ ልክ፣ አንዱን ብርሃኑን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጎ አነሳ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱ መድኃኒቱ ላይ ሲንሳፈፍ ሁለታችንም አጎንብሰን እናያለን። መጀመሪያ የድንጋይ ክብ መጣ። ያልተነካ፣ ያልተናደ የመቃብር ጉብታ። ከራስጌው ጫፏ የተሰበረች መጅ። መጇ ላይ ደግሞ የራሱ የጋሽ እንድሪስ እጅ አርፏል። ብርሃኑ ልክ መሆኑን ልለይበት ብሎ ነው ያስቀመጠው። እጁ እጁን ይመስላል፤ ጥፍሩ ሳይቀር ይለያል። ቀና ብዬ ሳየው እያለቀሰ ነበር። «ምን ታያለህ? አድርቀው» ብሎ ተቆጣኝ።

ሽማግሌዎቹን ሀጂ ይመር ግቢ ሰበሰብናቸው። የፕሮጀክቱ ኢንጂነርም መጣ። ፎቶውን አየና «ዛሬ እንዲህ ያለውን ኮምፒዩተር ይሰራዋል» አለ። ጋሽ እንድሪስ ኔጌቲቩን፣ የታጠበውን ፊልም ራሱን፣ አውጥቶ ወደ ፀሐይ አንስቶ አሳየው። ኢንጂነሩ ፊልሙን አይቶ መለሰለት። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሀጂ ይመር ጋ ሲደርስ ብዙ ቆየ። «ይቺን ድንጋይ አውቃታለሁ። ስትቆም ነበርኩ» አሉ። እኔ በቃ አለቀ ብዬ ነበር።

«ምን ይደረግ ነው የምትለን እንድሪስ? ግድቡ ይፍረስ?» አሉ ሀጂ።

«ይፍረስ አላልኩም። ኮረብታው ላይ ያለውን የጀማልን ቆርቆሮ ንቀሉት፤ ባዶ ቦታ አታሰግዷት። ከውሃው ዳር አጥሩ ይከፈትላትና ቁጭ ብላ ፋቲሃዋን ትቅራ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።»

«የሷን ብንነቅል ነገ ሁሉም የኔንስ ይላል። ሁሉም የኔንስ ካለ ደግሞ ተዋሽተናል ማለት ነው። ሁለተኛው የመስኖ ቦይ ገና አልተሰራልንም፤ ለዚህ አገር ውሃ ያመጡት ሰዎች ፊት ምን ብለን እንቆማለን? ሙታኑ አልከሰሱንም። ዘሃራም እዚያው ኮረብታው ላይ ፋቲሃዋን ትቅራ፤ አላህ የልብ ያውቃል።»

አላህ የልብ ያውቃል! ሰው የገዛ ነውሩን ለመሸፈን ይህን ቃል ሲያነሳ እንደ መስማት የሚያናድደኝ ነገር የለም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ በትራቸውን አንስተው መነሳት ጀመሩ። ውሃው በየማሳቸው እየገባ ነው፤ ማን ይናገር? ጋሽ እንድሪስ ፎቶውን ከሀጂ እጅ ተቀብሎ «ዓይን ላላችሁ ሰዎች ብዬ ነበር የለፋሁት» አላቸውና ወጣ።

ለእትዬ ዘሃራ እንዴት ሊነግራቸው ነው ብዬ ተጨንቄ ነበር። ፎቶ አያዩም። እሱ ፊታቸው ቁጭ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያ በፊት ዝቅ አድርጎ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፣ «እትዬ፣ ጀማል አልተነሳም። እዚያው ነው። መጇ ራስጌው ላይ ናት። እጄን አሳርፌባታለሁ» አላቸው።

«በየትኛው እጅህ?»

ግራውን ሰጣቸው። ይዘው ዳበሱት፤ መዳፉን፣ ጣቶቹን። ፋቲሃ ቀሩ። ከዚያ ወደ ውሃው እንውሰዳቸው ስንል ዘበኛው አጥሩ ጋ አስቆመን፤ ያለ ፈቃድ ሰው አይጠጋም ተብሏል። ጋሽ እንድሪስ አገር ይያዝልኝ አለ። እትዬ ዘሃራ እሱ ሲጮህ ከአጥሩ ውጪ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የጭነት መኪና አቧራ እየለበሱ ቁጭ ብለው ፋቲሃቸውን ቀሩ። እኔ ያንን አይቻለሁ። ማንም መጥቶ ዝም በል ቢለኝ አልልም።

ጋሽ እንድሪስም አላቆመም። በጠዋት በጠዋት እየሄደ የሌሎቹን መቃብሮች ማንሳት ቀጠለ። ዘበኛው ከሱ ጋር መጨቃጨቅ ሰልችቶት ፊቱን ያዞርለት ጀመር። ሳል ጀመረው፤ ከደህናው ጆሮው መግል ወጣ። «ጋሼ፣ ይቅርብህ፤ አንዱ ይበቃ ነበር» አልኩት። «አንድ ብቻ ካነሳሁ የዘሃራ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ሁሉንም ካነሳሁ የሁላችንም ነው» አለኝ። እኔን ደግሞ አዲስ አበባ ሄደህ ፊልም ፈልግ ብሎ ሰደደኝ። ስወጣ አልጋ ላይ ነበር። «ጊዜው ያላለፈውን ነው ደግሞ!» ብሎ ከውስጥ ጮኸብኝ። መጨረሻ የሰማሁት ድምፁ ይህ ነው።

ከሚኒባሱ ወርጄ አሁን የሁሉም መቃብር ወደ ሆነው ወደ ባለ ቆርቆሮው ኮረብታ ሄድኩ። ስደርስ ሬሳው መጥቶ፣ ሶላቱ ተሰግዶ አልቆ ነበር። ቆፋሪዎቹ ግን ገና ናቸው። ኮረብታው አለት ነው። አንዱ ጋ ሲሞክሩ ዶማው እሳት እየተፋ ይመለሳል፤ ሌላው ጋ ሲሞክሩም እንዲሁ። ፀሐይ ወደ ጣርማ በር በኩል ዘቅዝቃለች። ሰው ይንቆራጠጣል፤ ሬሳ ይዞ መቆም ደግ አይደለም። ሀጂ ይመር በትራቸውን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና ወደ ቆርቆሮዎቹ ጠቆሙ።

«እዚያ ጋ፣ የጀማል የተባለችው ላይ። ማሽን የቆፈረው ነው፤ አፈሩ ለስላሳ ነው።»

አንዱ ቆፋሪ ዶማውን አንስቶ ቆመ። «ሀጂ፣ እዚህ ሰው አለ እኮ።»

«የለም። ቆፍሩ።»

ጆሮዬን ማመን አልቻልኩም። የለም አሉ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ድምፃቸው እንኳ ሳይሰበር። ሁሉም ሰማ። ቆርቆሮዋን ነቅለው ወዲያ ወረወሯት። ጋሽ እንድሪስ በሕይወቱ ሳለ ለምኖ የተከለከለው ይህንኑ ነበር፤ መቃብር መቆፈሪያ ሲቸግራቸው ግን በአንድ እጅ ተነቀለ። እስከ ታች ቆፈሩ። አፈር ብቻ ወጣ፤ አንዲት የአጥንት ስባሪ የለችበትም። «ሀጂ፣ የጀማል አፅምስ?» ብዬ ጮህኩ። «አንተ ልጅ፣ ቀብር ላይ አይጮህም» አሉኝ። ሌሎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። ጋሽ እንድሪስን አወረዱት። አፈር መለሱበት። በመልሱ መንገድ ላይ ሀጂ «እጁ የተባረከ ባለሙያ ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያው በቀጥታ እትዬ ዘሃራ ቤት ሄድኩ። ጎረቤት ሴቶች ከበዋቸዋል። የት እንደተቀበረ፣ ሀጂ ምን እንዳሉ፣ ከጉድጓዱ ምን እንደወጣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሴቶቹ «ኧረ ተው፣ ቀስ አርገህ» ይሉኛል። እትዬ ዘሃራ ግን እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው።

«ቆርቆሮዋን ነቀሏት?»

«ነቀሏት።»

«የለም አሉ? በአፋቸው?»

«በአፋቸው።»

የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ፊታቸው ግን ተቆጥቶ ጠቁሯል።

«እኔ ስለምናቸው ዓይን የላትም አሉኝ። እሱን ለመቅበር ሲቸኩሉ ግን ታያቸው» አሉ። ነጠላቸውን ጎትተው ተነሱ። «ነገ አጥሩ ጋ ውሰደኝ። ዘበኛው ልጅሽ ኮረብታው ላይ ነው ሲለኝ፣ እዚያ የተኛው እንድሪስ ነው፣ ሀጂ ይመርን ጠይቃቸው እለዋለሁ።»